የአራስ ቲማቲም

ቲማቲም ስቆርጥ አጠገቤ ቆሞ «እንዲህ አይደለም» የሚለኝ ሰው አልወድም። ይህን ባለቤቴም ያውቃል፣ እናቴም ታውቃለች፣ ጎረቤቶቼማ በደንብ አውቀውታል። እኔ ቲማቲም አልከትፍም፤ የጣት ውፍረት አስይዤ በወፍራሙ ነው የምቆርጠው። ከደቀቀ ውሃውን ይለቃል፣ ውሃው አይቡን ያጨቀየዋል፣ ከዚያ በኋላ የምትበሉት ቲማቲም ይሁን የረጠበ ጨርቅ አይታወቅም። በዚህ ምግብ ሰበብ ከሰፈሬ ሴቶች ሁሉ ጋር አንድ ጊዜ ተጣልቻለሁ። ያሸነፍኩትም እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ምግቡን ማንም አላስተማረኝም። አስተማሪ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ሺንሺቾ ነበር፤ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ክረምት ነው፤ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ፤ ከሰሌ ረጥቦ ጭስ እንጂ እሳት አልወጣው ብሏል። ርቦኛል፣ ተናድጃለሁም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ የገበያ አይብ፣ አራት ቲማቲምና እናቴ ከዳምቦያ የላከችልኝ አንድ ብልቃጥ ዳጣ ነው። የእናቴ ዳጣ አረንጓዴ ነው፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና የድንብላል ቅጠል በድንጋይ ላይ አንድ ላይ ደቃ፣ ጤና አዳም ጣል ታደርግበታለች። ቲማቲሙን ቆራረጥኩ፣ አይቡን ፈረፈርኩበት፣ ዳጣውን ከላይ አፈሰስኩና መስኮቱ ስር ቆሜ በላሁ። ጨርሼ ሳህኑን በጣቴ ጠረግኩት። ያን ቀን ነው የተፈጠረው።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት ጮኸችብኝ። «አይብ በጎመን ነው፣ አይብ በክትፎ ነው! ጥሬ ቲማቲም ፍየል ይብላው!»

«ፍየል አይብ አይበላም፣ እማ» አልኳት።

«አንቺስ ከፍየል በምን ትሻያለሽ» ብላ ሳቀች። እሷ እስከ ዛሬ አልቀመሰችውም፣ እኔም እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ከዚያ አገባሁና ወደ ሆሳዕና መጣሁ። ባለቤቴ ሀዲያ ነው፣ እኔ ከምባታ ነኝ፤ ቤት ውስጥ ስንስማማ በአማርኛ ነው የምናወራው፣ ስንጣላ እያንዳንዳችን በገዛ ቋንቋችን። ሰፈራችን ከከተማው ዳር ስለሆነ ሁሉም ጓሮው ውስጥ እንሰት ተክሏል፣ አንድ ሁለት ላምም አለው። የአንድ ላም ወተት ደግሞ ለመናጥ አይበቃም። ስለዚህ ሴቶቹ ዊጆ ይገባሉ፤ ዊጆ የወተት ዕቁብ በሉት። ሰባት ነን። ማታ ማታ ላሞቻችንን ካለብን በኋላ እያንዳንዳችን አንድ ጣሳ ወተት ተራዋ ለደረሰው ሴት እንወስዳለን፤ እሷ ሳምንቱን ሙሉ ታጠራቅምና ትንጣለች፤ ቅቤውም አይቡም የሷ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላዋ።

በዊጆ ተራ ቀልድ የለም። ዝናብ ቢሆን፣ ልቅሶ ቢሆን፣ ላምሽ ብትነጥፍ እንኳ ገዝተሽ ታመጫለሽ። ተራ የሚዘለለው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ከመካከላችን አንዷ ስትወልድ ሌላው ሁሉ ይቆምና ወተቱ ወደ አራሷ ቤት ይገባል። ያኔ ማንም ተራዬ ተነካ ብላ አታኮርፍም፤ ነገ በሷም ነው።

ወተቱን የሚለኩት አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ሁላችንም «አማ» እንላቸዋለን፤ በባለቤቴም በኔም ቋንቋ እናት ማለት ነው። የቀረነው አብዛኞቻችን ጴንጤዎች ስንሆን እሳቸው ካቶሊክ ናቸው። ጣሳው ላይ አረፋ ካዩ «ይረፍ» ብለው ያስቀምጡታል፤ አረፋው ሲወርድ የጎደለውን ያስሞሉሻል። ብዙ ልጆች አሳድገዋል፣ ከሰፈሩ ሴቶች ግማሹን አዋልደዋል፣ የሚፈሩትም ሰው የለም። እኔን «ቲቸር» ይሉኛል፤ ሲቆጡ ብቻ «አንቺ ልጅ»።

ሳረግዝ ያማረኝ ያው ቲማቲም ነበር። ጠዋት ቲማቲም በአይብ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቲማቲም በአይብ። ባለቤቴ ለሥራ ወደ ፎንቆ በወጣ ቁጥር አይብ ይዞ ይመጣል፤ ሞተር ብስክሌቱ ላይ አይብ አስሮ ሲገባ የሰፈሩ ሴቶች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ይስቁበታል። «ቲቸር፣ ልጅሽ እኮ ቀይ ሆኖ ነው የሚወጣው!» ይሉኛል። አማም ወተት ስናስገባ ሆዴን በዓይናቸው ለክተው «ግድየለም፣ ጥቂት ነው የቀረሽ፤ ስትወልጂ ወተቱ ሁሉ ወዳንቺ ነው» አሉኝ። ሰባታችንም ቀኔን እናውቅ ነበር፤ ስወልድ ተራ ተዘሎ ወተቱ ወደኔ እንደሚመጣም እናውቅ ነበር።

ምጥ የያዘኝ ቀኔ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን አማጥኩ። ወለድኳት። አላለቀሰችም። ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ፤ በማንም አላሳብብም። አዋላጇ በጨርቅ ጠቅልላ ትንሽ እንዳቅፋት ሰጠችኝ፤ ዕድሜ ይስጣት። ከዚያ ባለቤቴና ወንድሙ ወሰዷት። የት እንደቀበሯት አውቃለሁ፤ እንዴት እንደቀበሯት አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ቤቴ ስገባ የጠበቀኝ ባዶ ቤት ነው። የተገዛው የሕፃን ልብስ የለም፣ መታጠቢያው የለም፣ እግሯን ታማ መምጣት ያልቻለችው እናቴ ለአራስነቴ ብላ የላከችው ቅቤና ቡላ የለም። ጎረቤቶቼ «አይታው እንዳይከፋት» ብለው ሁሉንም ጠራርገው ወስደውታል። አልጋዬን አንጥፈው፣ ወለሉን ጠርገው፣ ቤቱን ምንም ያልተፈጠረበት ቤት አስመስለውታል። በደግነት ነው፣ ይገባኛል። ደግነታቸው ግን አንገበገበኝ።

በኛ ሰፈር እንዲህ ላለው ልጅ ልቅሶ አይቀመጥም። ድንኳን አይተከልም፣ «ነፍስ ይማር» የሚል የለም። ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ ይመጡና ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ አዲሱ የባጃጅ መንገድ ያወራሉ። ሲነሱ «እርሺው፣ ሌላ ይሰጥሻል» ይሉኛል። ሌላ! የተሰበረ ብርጭቆ ነው እንዴ? ሦስት ቀን መጡና ከዚያ ቀሩ። ልቅሶም አላለቀስኩ፣ አራስም አልተባልኩ። ሆድ ቁርጠት ታምሜ የዳንኩ ይመስል አንድ ጎረቤቴ «ፊትሽ እኮ ተመልሷል» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጡቴ አጋተ። ቀሚሴ ደረቱ ላይ ረጥቦ ሳየው ለባለቤቴ አሳየሁት። እሱ ደግ ሰው ነው፣ ግን ትልልቆቹ የመከሩትን ነው የሚደግመው፤ «ባናነሳው ይሻላል፣ ቶሎ ይረሳል» አለኝ።

«አንተ ረሳህ?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንዳልረሳ አውቃለሁ። እኔም ጨርቅ ደረቴ ላይ አስሬ ተኛሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ በሬ ላይ ኩርሲ አውጥቼ ተቀምጫለሁ። ተራ የሚቀየርበት ቀን ነው። ሴቶቹ ጣሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ወደኔ የሚመጡ መስሎኝ ቀና ብዬ ጠበቅኳቸው። አንዷም ወደኔ አልመጣችም። በሬን አለፉና ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ግቢ ገቡ። በመደበኛው ቅደም ተከተል ተራው የሷ ነበር። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ነው ያለፉት። የመጨረሻዋ ዓይኗ ከዓይኔ ሲጋጭ ጣሳውን በነጠላዋ ሸፈነችው። ደሜን ያፈላው እሱ ነው። ጣሳ ከኔ ይደበቃል? ሰርቄባት አውቃለሁ?

ተነሳሁ። ወገቤ ገና አልጠናም፣ ፀጉሬ እንኳ አልተበጠረም። ከማድቤት የራሴን ማሰሮ አንስቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ግቢው ውስጥ አማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እየለኩ ነው፤ ሌሎቹ ከበው ቆመዋል።

«ቲቸር! ምን ሆንሽ? ማን አስነሳሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ተራዬ ነው» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። አማ መለኪያውን እንደያዙ ቀና አሉ። «የኔ ልጅ፣ ወተት ስታዪ ሆድሽ እንዳይባባ ብለን እኮ ነው። ላንቺው አስበን ነው።»

«ወተትማ እኔም አለኝ፣ አማ። ይኸው እዚህ ደረቴ ላይ። እሱንስ ለማን ተራ ሰጣችሁት?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። አማ ግን ደንብ ደንብ ነው የሚሉ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተራ ዘሎ የሚገባው ለአራስ ነው። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ» አሉ።

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ስድስት ሴቶች፣ ሁሉም የወለዱ፣ ሁሉም አፋቸውን ያዙ። መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊዋ «ትውሰደው፣ አማ። የኔ በሚቀጥለው ሳምንት ይሆናል። ችግር ላይ ናት፣ ለተቸገረ ሰው እንሰጥ የለም እንዴ» አለች። አማ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወተቱም ወደ ማሰሮዬ ተገለበጠ።

ምጽዋት ማለት ነው። እዚያው ላፈሰው ነበር፣ እውነቴን ነው፤ እጄ ተነስቶ ነበር። ተውኩት። እኔ የፈለግኩት ወተት ብቻ አልነበረም። ወልጃለሁ። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ አምጬ፣ ወልጃለሁ። አንድ ሰው በገዛ አፉ «አራስ ነሽ» እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት። አንድ ሰው። ባለቤቴ አላለውም፣ እናቴ በስልክ አላለችውም፣ እነዚህም አላሉትም። እስኪሉት ድረስ ደግሞ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቅ ነበር። እና ወተቱን ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ቤቴ ይግባ፣ ቀሪውን እኔ አውቃለሁ አልኩ በሆዴ።

ሳምንቱን ሙሉ አመጡልኝ። በር ላይ ያስቀምጡታል፣ «እንዴት አመሸሽ» ይላሉ፣ ይሮጣሉ። ወተቱ ማሰሮው ውስጥ ረጋ። በሰባተኛው ቀን ማግስት ማሰሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ መናጥ ጀመርኩ፤ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። ስንጥ አለቀስኩ፣ ማንም ስላላየኝ እንደልቤ አለቀስኩ። ክንዴ ሲዝል ባለቤቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ማሰሮውን ተቀበለኝ። ወንድ ወተት ሲንጥ አይቼ አላውቅም። እሱም ንጦ አያውቅም፤ ግማሹን ግድግዳው ላይ ሊረጨው ነበር። «ቀስ!» ብዬ ጮህኩበት። ቅቤው ወጣ። አሬራውን ለስለስ ባለ እሳት ላይ ጣድኩና አይቡ ከአጓቱ እስኪለይ ሳላማስል ጠበቅኩ። ካማሰሉት ይበጣጠሳል፣ ከቸኮሉ ደግሞ ይደርቃል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ ሰቀልኩት። ትልቅ ነጭ ጉብታ አይብ ወጣው።

ቲማቲሙን ራሴ ነኝ ገበያ ወጥቼ የገዛሁት። ይህን ልብ በሉልኝ። አራስ ብሆን ኖሮ ከደጃፍ አያሳልፉኝም ነበር፤ ፀሐይ መታሽ፣ ነፋስ መታሽ፣ ዓይን ነካሽ እያሉ ይዘው ያስገቡኛል። አራስ ስላልሆንኩ ግን ማንም አልከለከለኝም። ቅርጫቴን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ከዊጆ ሴቶቹ ሁለቱ አይተውኝ «ገበያ ነው?» አሉኝ እንጂ ወሬ የለም። ነጋዴዋ ጠንካራ ጠንካራውን ስመርጥ «አትጫኚው፣ ይበላሽብኛል!» ብላ ጮኸችብኝ። በዚያ ሰሞን እንደ ደህና ሰው የጮኸብኝ እሷ ብቻ ስለነበረች ደስ አለኝ። በሶብላና ድንብላሉን ከሷው ገዛሁ፤ ጤና አዳም ጓሮዬ አለ።

ለጎረቤቶቼ በስልክ ነገርኳቸው። «ነገ ከሰዓት ቤቴ ኑ፣ ስድስታችሁም።» ለምን ብለው አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

በነጋታው ዳጣውን በድንጋይ ደቆስኩ። መፍጫ ማሽን አለኝ፣ ግን ማሽን ቅጠሉን ይቆርጠዋል እንጂ አያደቀውም። መጀመሪያ ጨውና ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቀጥሎ ዝንጅብሉን፣ ከዚያ ቃሪያውን ከነፍሬው። ቅጠሎቹ መጨረሻ ላይ ነው የሚገቡት፤ አስቀድመው ከገቡ ይጠቁራሉ። ዓይኔ ነደደ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ልቤ ደስ አለው። ቲማቲሙን በወፍራሙ ቆረጥኩ፣ ጨው ነስንሼ ትንሽ አቆየሁት፣ የወጣውን ውሃ ከዳጣው ጋር በሎሚና በጥቂት ዘይት ለወስኩት። ትልቁ ትሪ ላይ ቲማቲሙን ደረደርኩ፣ አይቡን በጣቴ ፈርፍሬ አለበስኩት፣ ዳጣውን በማንኪያ ከላይ አዞርኩበት። አላማሰልኩትም። ይህ ምግብ ከተማሰለ ሞተ። ቆጮውን ስስ ስስ አድርጌ በጎን አስቀመጥኩ።

መጡ። አጎንብሰው ገቡ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። ስድስቱም ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ አየሁት፣ ምንም አላልኩም። አማ ከኔ አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ አረፍ አሉ። ስለ ዝናቡ ማውራት ተጀመረ። ባለቤቴ ሰላም ብሏቸው ወደ ጓዳ ገባ። ትሪውን አምጥቼ መሃል አስቀመጥኩት።

«የዊጆአችሁ አይብ ነው። ብሉ» አልኳቸው።

አልነኩትም። እኔ ቆጮ ቆርሼ አንድ ወፍራም ቲማቲም ከነአይቡ፣ ከነዳጣው ጠቅልዬ ወደ አፌ አነሳሁ።

«አንቺ ልጅ! ጣይው!»

አማ ናቸው። እጄን አየር ላይ እንዳለ አንጓውን ያዙት። ያን ያህል ጉልበት እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«ምን አጠፋሁ?»

«ጥሬ ነው እኮ! ቀዝቃዛ ነው! ገና በአሥራ ስምንት ቀንሽ!»

«ኧረ በሞቴ ተዪው፣ ቃሪያም አለበት!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ተነስታ።

«ብርድ ይገባሻል፣ ገና ወገብሽ ሳይገጥም!» ሌላዋ።

«ለአራስ ጥሬ ቲማቲም? ማን ሲያደርገው አይተሻል? ምን ነክቶሽ ነው?» ይህን ያለችው ጣሳዋን በነጠላዋ የሸፈነችብኝ ሴት ናት።

ስድስቱም በአንድ ጊዜ ይጮሁብኛል። አሥራ ስምንት ቀን! እኔ ለማንም አልነገርኩም፤ አማ ቀኑን ሲቆጥሩት ኖረዋል ለካ። ሁሉም ሲቆጥሩት ኖረዋል።

«ማን ናት አራሷ?» አልኩ።

አማ እጄን እንደያዙ ቀሩ።

«ይድገሙታ፣ አማ። አልሰማሁም። ማን ናት አራሷ? በችግረኛ ስም ወተት አስገባችሁልኝ። ገበያ ስወጣ ማናችሁም አልመለሳችሁኝም። አራስ ቤት ባዶ እጅ ይመጣል? ቅቤዬን ወሰዳችሁ፣ ቡላዬን ወሰዳችሁ፣ የልጄን ልብስ ወሰዳችሁ። ያኔ ሁሉ አራስ አልነበርኩም። አሁን አንድ ቲማቲም ልጎርስ ስል አራስ ሆንኩ? አንዱን ምረጡ! አራስ ካልሆንኩ እጄን ልቀቁኝና ልብላ። አራስ ከሆንኩ ደግሞ በሉት። በአፋችሁ በሉት!»

ዳጣው በክንዴ ላይ እየወረደ ነው። ማንም ቀና ብሎ ሊያየኝ አልደፈረም። አማ ብቻ ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ እጄን ቀስ ብለው ለቀቁና በነጠላቸው ጫፍ ክንዴን ጠረጉልኝ።

«አንቺ ነሽ» አሉ። «አራሷ አንቺ ነሽ።»

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። አንዳንዶቹም አለቀሱ። እስኪወጣልን ድረስ ማንም «ዝም በሉ» አላለም። አማ ጉልበቴን ይዘው ከጠበቁኝ በኋላ፣ አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው በሚጠይቅበት ድምፅ፣ «ፀጉር ነበራት?» አሉኝ።

«ነበራት» አልኩ። «ብዙ። ግንባሯ ድረስ የመጣ።»

«ማንን ትመስል ነበር?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አባቷን። አፍንጫዋ ብቻ የኔ ነበር፤ እሱን እንኳ ከኔ ባትወርስ ጥሩ ነበር።»

በእንባቸው መሃል ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከጓዳው በር በኩል «ጣቶቿ ረጃጅም ነበሩ» የሚል ድምፅ ሰማን። ባለቤቴ ነው። በሩን ተደግፎ ቆሟል። «ለቀብር ስጠቀልላት አየኋቸው። እግሯም ረጅም ነበር፤ ጨርቁ አልበቃትም» አለ። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ልጃችን አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። አማ «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉትና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ሁሉንም ጠየቁን። ምጡ ሲይዘኝ የት እንደነበርኩ፣ ስንት ሰዓት እንዳማጥኩ፣ ክብደቷ ስንት እንደሆነ። ነገርኳቸው። ስነግራቸው ቲማቲሜን በላሁ፤ አማ «እንግዲያው ቃሪያውን እንኳ ቀንሺ» ሲሉኝ «አልቀንስም» ብዬ በላሁ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ ቀመሰችው፣ ከዚያ ቆጮ ቆረሰች፣ ከዚያ «ወይ ጉድ፣ ይህን ነው ብቻሽን ስትበዪ የኖርሽው?» ብላ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበችው። ሌሎቹም ገቡበት። አማ አልነኩትም። ጥሬ ነው ብለዋል፣ ጥሬ ነው። እሳቸውም እንደኔ ግትር ናቸው።

ሊወጡ ሲነሱ ልብስ ሰፊዋ «ቅቤሽና ቡላሽ እኔ ቤት ነው፤ ነገ ገንፎውን ሠርቼ አመጣለሁ» አለችኝ። «ልብሷንም አምጪልኝ» አልኳት። «አመጣዋለሁ» አለች።

አማ ከሁሉም ኋላ ቀሩ። በሩ ላይ ደርሰው ተመለሱ፣ ሁለት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና የወለደች ሴት ሁሉ የሚባልላትን፣ ለኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ማንም ያላለልኝን አሉኝ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

እኔ ጴንጤ ነኝ። ሌላ ጊዜ አማ በማርያም ስም ሲመርቁኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ይጨንቀኛል። ያን ቀን አልጨነቀኝም። «አሜን» አልኩ፣ ደጅ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ ጮክ ብዬ። አሥራ ስምንት ቀን ዘግይቶ ነው የደረሰኝ፤ ቢሆንም የኔ ነውና ተቀበልኩት።